ጳጉሜን 5 የተወለደችው ተማሪ

ሴማንቲክ ዌብን፣ ማለትም መረጃን ማሽን ትርጉሙን እንዲረዳው አድርጎ የመጻፍን ትምህርት፣ ሳስተምር ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምሰጣቸው ሥራ የየራሳቸውን ቤተሰብ ነው። ማን የማን ልጅ ነው፣ መቼ ተወለደ፣ ስሙ ማን ይባላል፤ ይህንኑ በአርዲኤፍ፣ መረጃን ማሽን በሚያነባቸው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በሚያስቀምጠው ቅርጽ፣ ጻፉ እላቸዋለሁ። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። የተወለደችው ጳጉሜን 5 ቀን 1985 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ መለሰባት። አጠገቧ ያለው ልጅ ጥቅምት 30 ነው የተወለደው፤ የእሱም 2ኛ ወር 30 ቀን የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው የካቲት 12 ብሎ 6ኛ ወር አስገባ። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀበለው፤ ልጁንም በፈረንጆቹ 1985 ጁን 12 የተወለደ አደረገው። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው። የሁለቱ ስህተት በራሱ ጮኸ፤ የሦስተኛውን ግን ማንም ሳያየው ይኖራል።

ዛሬ በእኛ ትምህርት ክፍል ይህ ኮርስ ይነሳና ቦታው ማሽን ከብዙ መረጃ ራሱ እንዲማር ለሚያደርገው ለማሽን ለርኒንግ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2001 የዌብ ፈልሳፊው ቲም በርነርስ ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ማሽኖች የድረ ገጽን ትርጉም ተረድተው ለእናታችን የሕክምና ቀጠሮ የሚይዙበትን ጊዜ አሳይተውን ነበር፤ ያ ቀን እንደተባለው አልመጣም። ሥራው ግን አልሞተም። አውል የተባለው የኦንቶሎጂ ቋንቋ፣ ማለትም ነገሮች ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚዛመዱ በሎጂክ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ በፈረንጆቹ 2004 መስፈርት ሆኖ ወጣ። በ2012 ጎግል ሰዎችን፣ ቦታዎችንና ነገሮችን ከነዝምድናቸው የያዘውን ኖውሌጅ ግራፉን ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ማንም ሊያርመው የሚችለው የመረጃ ቋት ዊኪዳታም ሥራ ጀመረ። ስኖሜድ ሲቲ የሚባለው ግዙፍ የሕክምና ቃላት ስብስብም እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ሎጂክ ላይ ነው።

ኮርሱ ይቆይ የምለው ግን ለእነዚህ ስል ብቻ አይደለም። እኛ ሰዎቻችንን፣ ቀኖቻችንንና ስሞቻችንን ወደ ማሽን እያስገባን ባለንበት ሰዓት፣ የምናስገባው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በትክክል መናገር የሚያስተምር ሌላ ኮርስ ስለሌለን ነው።

ስምን እንውሰድ። ድረ ገጾች መረጃቸውን ለማሽን የሚገልጹበት የጋራ የቃላት ዝርዝር በሆነው ስኪማ ዶት ኦርግ ላይ ለሰው የተዘጋጀ «የቤተሰብ ስም» የሚባል ቦታ አለ። እኛ እዚያ የአባታችንን ስም እንሞላለን። አንዱ ባለሙያ በቅንነት «የቤተሰብ ስማቸው የሚለያይ ሰዎች የተለያየ ቤተሰብ ናቸው» የሚል ደንብ ቢጨምርበት፣ አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ ባዳ ይሆናሉ።

ከዚህ የረቀቀም አለ። አንድ መዝገብ የልጅቱን አባት «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ጻፈው፤ በሁለቱም ስም ለየብቻ አንድ አንድ ሰው ተመዘገበ እንበል። «ሰው አንድ ወላጅ አባት ብቻ ነው ያለው» የሚለውንም በአውል ጻፍን። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ስህተት ይላል ብለው ይጠብቃሉ። አይልም። ሪዝነሩ፣ ማለትም ከተጻፈው ተነስቶ የሚደመድመው ፕሮግራም፣ «እንግዲያው ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው ናቸው» ይላል። በአውል ስም መለያየቱ ብቻ ሰው መለያየቱን አያሳይምና። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን በግልጽ ስንጽፍለት ነው እርስ በርሱ ይጋጫል የሚለን፤ የተጋጩትንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ያወጣልናል። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በመልስና በምክንያት መካከል ያለው ልዩነት የሚገባቸው ያኔ ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ ግን እንዲህ ቆጥረው አያስረክቡም።

ያልተጻፈ ነገር ሐሰት አይደለም የሚለውም እዚሁ ነው የሚማሩት። የታካሚው ካርድ ላይ የፔኒሲሊን አለርጂ አለመጻፉ አለርጂ የለበትም ማለት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ልጅ የሆስፒታል ሲስተም ቢሠራልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ ኮርሱ በሦስተኛ ዓመት ግዴታ ሆኖ ይቆይ፣ ልምምዱም ከእኛው ስምና ከእኛው ቀን ይሁን። ያቺ ተማሪ በሳምንቷ ፋይሏን ይዛ መጣች። ቀኑን በአንድ ቁጥር ከማስገባት ይልቅ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና የዘመን አቆጣጠሩን ለየብቻ ጽፋ፣ ከጎኑ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1993 የሚለውን አያይዛዋለች። ጳጉሜን እንደተወለደች ነው፤ ማሽኑም ተቀብሏታል።