ማስተካከያ፦ «የአንድ ቀን ሥልጠና ወሲባዊ ጥቃትን ይቀንሳል» ስለተባለው

ቀደም ሲል ለጎጃም የተማሪ ክበባት በተላለፈው መረጃ «የአንድ ቀን ሥልጠና ጥቃትን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል» ተብሏል። ይህ ትክክል አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚያሻሽለው የመጠይቅ መልስን ነው። ልጁ ጥሩ መለሰ ማለት ጥቃት አይፈጽምም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ግምገማ ወሲባዊ ጥቃትን ስለመከላከል የተሠሩ 140 ጥናቶችን አይቷል። ድርጊቱን ራሱን እንደቀነሱ በጠንካራ ማስረጃ የታዩት ሦስት የመከላከያ ሥራዎች ብቻ ነበሩ። የአንድ ጊዜ አጭር ሥልጠና ከነሱ ውስጥ የለም።

የአቤቱታ ቁጥርም ብቻውን አያስተማምንም። ከገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች አስቡ። ከሥልጠና በኋላ ብዙዎቹ ጥቃት እንደደረሰባቸው ቢናገሩ፣ ጥቃት ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል። ደፍረው መናገራቸው ሊሆን ይችላል፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ለውጡን ለማወቅ ሥልጠናውን ካልወሰደ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከወራት በኋላም ስም ሳይጠሩ ስለ ድርጊቱ መጠየቅ ይገባል። ግን እባካችሁ፣ የምትረዳቸው ባለሙያ ሳትዘጋጅ ልጆቹን አትጠይቁ።

ዓረፍተ ነገሩ «ሥልጠናው ግንዛቤን ሊያሻሽል ይችላል፤ ጥቃትን መቀነሱ ግን አልተረጋገጠም» ተብሎ ይነበብ።