አፈሩን ማን ቆለለው?

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ለመውሰድ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቀደም ብዬ ደረስኩ። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደወሉ ተደውሏል። ልጆቹ እየተገፋፉ ይወጣሉ። ከአጥሩ ጥግ፣ ቆሎና ማስቲካ የሚሸጡት እናት ከተቀመጡበት አለፍ ብሎ፣ ልጆች ክብ ሠሩ። ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኛም ጊዜ ክቡ እንደዚሁ ነበር የሚሠራው።

መሃል ላይ ሁለት ወንዶች ልጆች ቆመዋል። ቢበዛ አራተኛ ክፍል ቢሆኑ ነው። ሁለቱም መደባደብ አልፈለጉም። አንዱ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ ያያል። ሌላው የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ይሰበስባል፣ ተመልሶ ይወርድበታል፣ እንደገና ይሰበስባል። የከበቧቸው ግን “ይለይላችሁ!”፣ “ፈራ! ፈራ!” ይላሉ። ከሁሉም ከፍ የሚል ልጅ ወደ መሃል ገባና በጫማው ሁለት ቦታ አፈር ሰበሰበ። “ይቺ ያንተ እናት ጡት፣ ያቺ የሱ እናት ጡት” አለ።

ውጭ አገር ላደጋችሁ ላስረዳ። የሌላውን ቁልል የረገጠ ልጅ የእናቱን ጡት ረገጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም። ዝም ያለ እናቱን እንደካደ ይቆጠራል። ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዱ ረገጠ። ያኛው ዘሎ አንገቱን ያዘው። ተያይዘው ወደቁ። የጥበቃ ሠራተኛው ሮጠው ሲደርሱ ክቡ በአንድ ጊዜ ተበተነ። ሁለቱ ልጆች አንገትጌያቸውን ተይዘው ወደ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ተወሰዱ። “ነገ ወላጅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ” ተባሉ። አፈሩን የቆለለው ልጅ ብስኩቱን እየገመጠ አጠገቤ አለፈ። ማንም ምንም አላለውም።

አንዲት ልጅ ብቻ እዚያው ቀረች። የአንዱ ልጅ ቦርሳ ተከፍቶ ደብተሮቹ ተበትነው ነበር። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አፈር የነካውን የሒሳብ ደብተር በዩኒፎርሟ ጫፍ ጠረገችው። እርሳሱን ፈልጋ ከድንጋዩ ሥር አገኘችው። ከዚያ ዚፑን ዘግታ ቦርሳውን ለጥበቃው ሰጠች። “የሱ ነው ጋሼ” አለች።

ስለ እነዚህ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ስለ ተደባዳቢዎቹ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው ያሰብኩት።

ምክንያቱን ልናገር። እኔም አፈር ቆልዬ አውቃለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ክፍላችን ገባ። አክስቱ ጋ ነበር የሚኖረው። በአነጋገሩ እንስቅበት ነበር። አንድ ቀን ከሌላ ልጅ ጋር አጋጨነው። አፈሩን የቆለልኩት እኔ ነኝ። “ይቺ ያንተ እናት” ስለው ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዚያ እያለቀሰ ተማታ። እናቱ በዚያው ክረምት እንደሞተች የሰማሁት በኋላ ነው። መምህራችን ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አንበረከኳቸው። “ማን ጀመረ?” ተብሎ ተጠየቀ። “አፈሩን ማን ቆለለው?” ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔም በእረፍት ሰዓት እንደ ማንኛውም ተማሪ ብይ ስጫወት ዋልኩ። በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርኩ፤ ዳር የቆመ ሰው አይጠየቅም። ያ ትምህርት ከውስጤ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

የልጆች ጠብ የሚጠነክረውም የሚሟሟውም በክቡ ነው። ተመልካች ከሌለ አብዛኛው የልጆች ጠብ “ቆይ ነገ አገኝሃለሁ” ተባብሎ ያልቃል። ነገም ብይ ሲጫወቱ ይረሳል። ተመልካቹ ነው ወደ ኋላ መመለሻ መንገዱን የሚዘጋው። ፊንላንዶች ይህን በጥናት ደርሰውበታል። የቱርኩ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ በተማሪዎች መካከል የሚደርስ ጥቃትን ሲያጠኑ ያተኮሩት በዙሪያው ባሉት ልጆች ላይ ነው። አንዱ ያግዛል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ብሎ ያያል፣ አንዱ ደግሞ ለተጠቂው ይቆማል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ኪቫ የሚባል ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። የፕሮግራሙ ዋና ሥራ ዳር የቆሙትን ልጆች መለወጥ ነው።

እኛ ግን ለዚህ ሥራ ፊንላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቃሉ አለን። ገላጋይ እንላለን። በየሰፈሩ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሥራውን ጥሎ “ኧረ ተዉ! በእናታችሁ!” እያለ መሃል የሚገባ ሰው አይጠፋም። እነዚያ ክብ የሠሩ ልጆች ይህን በየቀኑ ያያሉ። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ግን ገላጋይ መሆን የአዋቂ ሥራ ይሆናል። የልጅ ሥራ ወይ ማየት ነው፣ ወይ ማሳበቅ ነው።

ማሳበቅ ስል የክፍል አለቃው ትዝ ይለኛል። መምህር ሲወጡ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ “የሚረብሹ” ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ የልጆች ስም ይደረድራል። የሚወደውን ጓደኛውን አይጽፍም። ያስቀየመውን ስም ሲጽፍ ደግሞ ጎኑ ላይ ኤክስ ይጨምርበታል። በዚህ ዕድሜ የምናስተምረው የመጀመሪያው ሥልጣን ይህ ነው። አለቃው ስም ከሚጽፍ ይልቅ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ተራ በተራ የክፍሉ ገላጋይ ቢሆኑስ? ሥራቸው ትንሽ ነው። ሁለት ልጆች ሲጋጩ ሁለቱም ገላጋዮች አንዱን ልጅ ብቻ ይዘው ዞር ያደርጉታል። መሃል አይገቡም፤ መሃል የገባ ልጅ ይመታል። ድንጋይ ወይም ዱላ ከተነሳ ሮጠው አዋቂ ይጠራሉ። በቃ ይኸው ነው። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይህን ይችላል።

ከዚያ የሚቀጥለው የአዋቂው ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እናበላሻለን። ባህላችን ውስጥ ሽማግሌዎች ሁለት ሰዎችን ሲያስታርቁ አካሄድ አላቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና መነሻው ይፈለጋል። ጥፋተኛው ይለያል። ካሣ ካለም ይቆረጣል። “ይቅር ለእግዜር” የሚባለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን መጨረሻዋን ብቻ ቆርጠን ወሰድን። “በሉ ተሳሳሙ!” እንላለን። ልጆቹ ጉንጫቸውን ሳያነካኩ ይሳሳማሉ። የልባቸውን ሳይናገሩ ወደ ክፍል ይገባሉ። ከዚያ ስንወጣ ጠብቀኝ ይባባላሉ።

ካልተሳሳሙ ደግሞ ይቀጣሉ። ማንበርከክ፣ ኩርኩም፣ የጎማ አለንጋ በብዙ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም ነገሩ ግልጽ ነው። “ለምን መታኸው?” እያለ የሚመታ አዋቂ ፊት የቆመ ልጅ የሚማረው ትልቅ ሲሆኑ መምታት እንደሚቻል ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። እርቅ ለጠብ ነው። አንድን ልጅ በየቀኑ እየጠበቁ ማሰቃየት ጠብ አይደለም። ምሳውን መቀማት፣ በአካል ጉዳቱ ወይም በድህነቱ ስም ማውጣት፣ ሴት ልጅን መንገድ ላይ መተናኮል ጥቃት ነው። እዚህ ላይ “ታረቁ” ማለት ተጠቂውን እንደገና ማጥቃት ነው። መጀመሪያ ጥቃቱ ይቁም። ልጁ የሚያምነው አንድ መምህር ይኑረው። ይቅርታ ማድረግ አለማድረግ የራሱ ምርጫ ይሁን፣ በሰልፍ ፊት ተገዶ የሚያደርገው አይሁን።

ደግነት ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም፤ የሚያናንቀውን ነገር ማንሳትም ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን ይመግባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ለተማሪዎቹ መሰጠት ጀምሯል። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሳው ከረሃብ ጋር ነው። ልክ ነው፣ ልጅ በባዶ ሆዱ ፊደል አይገባውም። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። ቀደም ሲል ምሳ ዕቃ የሌለው ልጅ በምሳ ሰዓት ቧንቧ ጋ ሄዶ ውሃ እየጠጣ ሰዓቱን ያሳልፍ ነበር። ያ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ ሲበላ ሌሎቹ የሚስቁበት አንድ ምክንያት ቀረ። ይህም የሰላም ሥራ ነው።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ልበል። የቀድሞው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት። የሕግ የበላይነት፣ አገር ወዳድነት፣ ታታሪነት እያልን ለፈተና ሸምድደናል። ቁጠባም ነበረ። ደግነት ግን አልነበረም። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለታችኛዎቹ ክፍሎች መመለሱ ደስ ብሎኛል። ስጋቴ እሱም ተሸምድዶ እንዳይቀር ነው። “ደግነት ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ “ሀ” ብሎ አክብቦ አሥር ከአሥር ያገኘ ልጅ ሲወጣ አፈር ሊቆልል ይችላል።

መምህራን ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው መለኪያው፣ ከዚያ በላይ የታጨቀበት ክፍልም ሞልቷል። ፈረቃ አለ፣ ፖርሽን መጨረስ አለ። እውነት ነው። ግን ጠብ ሲነሳ መቅጣትና ወላጅ መጥራትም ጊዜ ይወስዳል። ያንኑ ጊዜ የክፍል ኃላፊው ከመላው ክፍል ጋር አሥር ደቂቃ ቢቀመጥበትስ? “ማን ነበር እዚያ? ምን አልክ? ምን ማድረግ ትችል ነበር?” ብሎ ቢጠይቅበትስ? ለመቅጣት አይደለም። ዳር መቆምም ነገር እንደሆነ ልጆቹ እንዲያውቁት ነው።

ወላጆች ደግሞ አለን። “ተመትተህ ብትመጣ እኔ እደግምሃለሁ” ብለን የምንልክ እኛ ነን። ከመውደድ የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ልጁ ሲጠቃ ማየት የሚችል የለም። ግን ሌላም ነገር ቤታችን ውስጥ ይሰማሉ። እራት እየበላን፣ ዜና እያየን፣ ስለ አንድ ብሔር ወይም ሃይማኖት የምንናገረውን ይሰማሉ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር የተነሳ ግጭት ሲፈጠር ደንግጠን ልጆቻችንን ከየትምህርት ቤቱ ስናወጣ ነበር። ያን ጠብ ልጆቹ አልፈጠሩትም። አፈሩን የቆለልነው ትልልቆቹ ነን፤ ርገጡ የተባሉት እነሱ ናቸው። በጦርነትና በግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆች ዛሬ በየከተማው ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ ሆነው ይገባሉ። በዴስኩ ላይ ማን ጠጋ እንደሚልላቸው፣ በእረፍት ሰዓት ማን “ና አብረን እንጫወት” እንደሚላቸው ቤት ውስጥ የምንናገረው ይወስነዋል።

ሌላ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በወላጆች ቀን፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡት ስም ይጠራል። ይጨበጨባል፣ መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ። ያቺ ደብተር የጠረገችው ልጅ ስም የሚጠራው መቼ ነው? ሽልማት ይሰጣት አላልኩም። ሽልማት ከገባበት ነገሩ ይበላሻል። ግን የክፍሏ መምህር ጠጋ ብለው “አይቼሻለሁ” ቢሏት ምን ነበረበት? እኔም ያን ቀን አልነገርኳትም። አሁን ይቆጨኛል።

ታክሲ ውስጥ ልጄን “ማን ጀመረ?” ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

“አንቺ የት ቆመሽ ነበር?” አልኳት።

ዝም አለች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ረዳቱ ሂሳብ ተቀብሎ መልስ እስኪሰጠን ድረስ አልተናገረችም።

“ከኋላ” አለችኝ በመጨረሻ። “እኔም ‘ዳዊት ፈራ’ ብያለሁ።”

እጇን ያዝኩ። ትንሽ ቆይታ “ነገ ዳዊት ቢመጣ ምን ልበለው?” አለችኝ። እስክንወርድ ድረስ ስለዚያ አወራን።