«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የት ሄደ?

በታሪክ ትልቅ ቦታ ያላቸውን ፊልሞች የሚዘረዝረው ጽሑፍ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ከወጡት የሚበልጡት «ሮኪ» እና «ታክሲ ድራይቨር» ናቸው ይላል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንዴት ይዘለላል? በዚያው ዓመት የወጣ ነው እኮ! ዘውዱ በወደቀበት ሰሞን፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ የተቀረጸ። እንዲህ ያለ ጊዜ ተመልሶ አይቀረጽም።

ደብረ ማርቆስ ቤታችን ለአባቴ አሳየሁት። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ሲያምጽ ልጅ ነበር። እኛ ጋ መሬቱ በብዛት ርስት ስለነበር፣ የደቡቡን ዓይነት ጭሰኝነት በዓይኑ አላየም። በፊልሙ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬዎቹ ላይ ሲጮህ ሲያይ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ተጠጋ። «እኛ እምቢ ያልነው እንዲህ እንዳንሆን ነበር» አለኝ።

ዝርዝሩ ቢስተካከል ደስ ይለኛል።