ያልተነሣችው ፎቶ

ክርክሩ የተነሣው አራት ኪሎ፣ ማኪያቶ ይዘን ነው። "ዲፕፌክን፣ ማለትም በኮምፒዩተር የተፈበረከ የሰው ምስልና ድምፅን፣ የሚከለክል ሕግ የለንም" አልኩ። ጠበቃው ወዳጄ ሳቀብኝ። "ቃሉ ነው የሌለው፤ ወንጀሉማ አለ።"

ግማሽ እውነቱን ነው። የወንድምህን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) አስመስሎ "ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ" የሚልህን ሰው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አይስተውም። አሳሳች ዳታ አሰራጭቶ ሰው መብቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ማታለል በአንቀጽ 10 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ድምፁ በምን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም፤ ደግ አደረገ። ሁከት ሊያስነሳ ለሚችል የውሸት ቪዲዮም የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ።

የአንዲት ሴት ፊት ራቁት ገላ ላይ ተለጥፎ ቴሌግራም ላይ ቢለቀቅስ? የቀረበው በር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 ነው፤ ክብርን ወይም መልካም ስምን ማጉደፍ። በአቤቱታ የሚታይ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት። እሺ፣ ሰውዬው ከሥሩ "በኤአይ የተሠራ ነው" ብሎ ቢጽፍበትስ? "ማንን አታለልኩ? የእሷ ገላ እንዳልሆነ ተናግሬያለሁ" ይልሃል። እሷ ግን ነገ ጠዋት ቢሮ መግባት አለባት።

ለዚህ ነው "አሳሳች" በሚል ቃል ላይ ብቻ የቆመ ትርጉም የማይዋጥልኝ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ሕግ ዲፕፌክ የሚለው እውነተኛ መስሎ የሚያሳስተውን ነው። ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃና ቦታም ይጨምራል። እዚያ ችግር የለውም፤ የሚፈልገው "ይህ የተሠራ ነው" ተብሎ እንዲነገር ነዋ። እኛ እንዳለ ገልብጠን ወንጀል ብናደርገው ግን፣ የድሮዋን ፒያሳ ፎቶ ቀለም ቀብቶ ያንቀሳቀሰ ልጅም ልደታ ፍርድ ቤት ሊመላለስ ነው።

እንግሊዞች በ2023 ሕጋቸው የተሻለ መንገድ ይዘዋል። የሰውን ገመና "የሚያሳይ ወይም የሚያሳይ የሚመስል" ምስል ያለ ፈቃድ ማጋራት ወንጀል ነው። ተመልካቹ አመነም አላመነም፣ ጥያቄው ፈቅዳለች ወይ ነው። እኛም ለይተን እንጻፈው። ብር ሲበላ ማታለሉ ይጠየቅ፤ ገላ ሲነካ ፈቃዷ።

ጠበቃው እዚህ ድረስ ተስማማ። ከዚያ "ሠርቶ ስልኩ ላይ ብቻ ያስቀመጠውስ?" አለኝ። እሱ ይቀጣ ባይ ነው። እኔ ፖሊስ የሰው ስልክ እንዲበረብር ሌላ ሰበብ መስጠት ያስፈራኛል። እዚያ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።