ሁሉም በአንባቢ ድምፅ አልተወሰነም

«በ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የዲሲና የማርቭል ኮሚክ አሸናፊዎቹን በሙሉ የመረጡት አንባቢዎች ናቸው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ፣ ወንድሜ። የሁለቱ የአሜሪካ ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ) አሳታሚዎች ጀግኖች እርስ በርስ የተፋለሙበትን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ዋናዎቹ ፍልሚያዎች 11 ነበሩ፤ ለድምፅ የቀረቡት ግን 5ቱ ብቻ ናቸው። ሱፐርማን ከሀልክ፣ ባትማን ከካፒቴን አሜሪካ፣ ስፓይደርማን ከሱፐርቦይ፣ ዎልቨሪን ከሎቦ፣ ስቶርም ከዎንደር ውማን። የቀሩትን 6 የወሰኑት ደራሲዎቹ ናቸው። አኳማን ኔሞር ላይ ዓሣ ነባሪ የጣለበት በማንም ምርጫ አይደለም!

ድምፁም ቢሆን ጉድ አሳይቷል፤ ዎንደር ውማን በስቶርም ተሸነፈች። እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም። የዎልቨሪንና የሎቦ ድብድብማ ከመጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስለሆነ ምኑንም አናይም። በመጨረሻ ሲጋራውን ይዞ ብቅ የሚለው ዎልቨሪን ነው።