ይድረስ ለክቡር «ጀምሮ»

ጉዳዩ፦ ከ6ኛው ወር በኋላ ስንት እንደሚሆኑ እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከሂሳባችን በስተቀር ደህና ነን።

እርስዎን የማያውቅ የቤት ኢንተርኔት ተጠቃሚ የለም። ማስታወቂያው ላይ ዋጋው የበር ያህል ተጽፎ፣ ከጎኑ እንደ ዝንብ ጠብ ያሉት እርስዎ ነዎት፦ «በወር ከ100 ጀምሮ»። መቶዋን ከመንገድ ማዶ የተቀመጠ ሰው ያነባታል። እርስዎን ለማንበብ ግን መንገዱን መሻገር፣ መነጽር ማድረግ፣ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። (የገንዘቡን ስም ሆን ብለን ትተነዋል። እርስዎ በሁሉም ገንዘብ ይሠራሉ።)

ቅሬታችን የቆየ ነው፤ ብዕር ያስነሣን ግን የሰሞኑ ጉድ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ሦስት አቅራቢዎችን ሊያወዳድር ተነሣ። የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለት ዓመት ብቆይ በድምሩ ስንት እከፍላለሁ? የመጀመሪያው አቅራቢ ገጽ ከዋጋው በፊት አድራሻ ጠየቀ። ይሁን፤ ፋይበሩ በሰፈሩ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በአድራሻ ነው። ቀጥሎ ስልክ ጠየቀ። ይሁን። ቀጥሎ ኢሜይል፤ ቀጥሎ የትውልድ ቀን። ዋጋ ለመጠየቅ ዕድሜ ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም፤ ምናልባት መልሱ እስኪመጣ በሕይወት እንቆይ እንደሆነ ለመገመት ይሆናል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ አለች፦ «ዋጋውን ለማየት በውሉ መስማማትዎን ያረጋግጡ»። ምልክት ተደረገባት። ዋጋው አልመጣም። «ባለሙያችን ትደውልልዎታለች» የሚል መጣ።

ባለሙያዋ ደወለች። እርስዎም መስመሩ ላይ ስለነበሩ ያስታውሱታል፦

— ከ6 ወር በኋላ ስንት ይሆናል?

— አሁን በፕሮሞሽን 100 ነው።

— እሱን አይቻለሁ። ከ6 ወር በኋላስ?

— ከዚያ በኋላ መደበኛው ዋጋ ነው።

— መደበኛው ስንት ነው?

— በጊዜው የሚኖረው ነው።

— እሺ፣ 6 ወሩን ትናንት የጨረሰ ሰው ዛሬ ስንት ይከፍላል?

— (የኪቦርድ ድምፅ፤ ረጅም ዝምታ) ሲስተሙ አያሳየኝም።

ወደ ሌላ ክፍል ተላለፈ፣ ሙዚቃ ሰማ፣ መስመሩ ተቋረጠ። እዚህ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በማግስቱ ግን መልእክት ደረሰው፦ «እንኳን ደስ አለዎት! ትዕዛዝዎ ተመዝግቧል።» ለካ ሣጥኗ ላይ ያረፈችው ምልክት ፊርማ ኖራለች። ዋጋ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ደንበኛ ሆኖ ተመለሰ።

ለመግባት ጣት በቂ ነበር፤ ለመውጣት መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ ግድ ሆነ። ቁጥር ቆረጠ፣ ተቀመጠ፣ ቁጥሩ ተጠራ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሠራተኛው ቅጽ ሰጠው። ቅጹ ላይ «የማቋረጫ ምክንያት» የሚል አለ፦ ቤት ስለቀየርኩ፣ ወደ ሌላ አቅራቢ ስለሄድኩ፣ በፍጥነቱ ስላልረካሁ። «ዋጋውን ብቻ ነበር የጠየቅሁት» የሚል የለም። በቃል ቢያስረዳ ሠራተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሳያነቡ ነው እንዴ የተስማሙት?» አለው። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንብቦ የተስማማ በሰልፉ ውስጥ አልነበረማ።

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አቃተን። ስማ፣ ጀምሮ። ሲስተሙ አያሳይም ነው ያልከው? 6 ወሩ ባለቀበት ሌሊት፣ የሰው እጅ ሳይነካው፣ አዲሱን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ አስልቶ ሂሳብ የሚቆርጠው ማን ሆነና? ያው ሲስተም አይደለም? ሲያስከፍል የሚያየውን ሲጠየቅ እንዴት ይታወራል? ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። እሷ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ያ ቁጥር እንዳይታይ ያደረገ ሰው አለ፤ ተሰብስቦ፣ አስቦ፣ ወስኖ ያደረገ ሰው። ያ ሰው ደግሞ አንተን ከዋጋው ጎን ስድስት ነጥብ በማይሞላ ፊደል አስቀመጠህ፣ አንተም እሺ ብለህ ተቀመጥህ።

ይቅርታ ያድርጉልን። ወደ «እርስዎ» እንመለስ።

ሲስተሙ ካላሳየ እርሳስ ያሳያል። ለስሌት ያህል ቁጥሮቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ለ6 ወር 100፣ ከዚያ ለ18 ወር 150፣ የራውተር ኪራይ በየወሩ 20፣ የማስገቢያ 240፣ በዚህ ሁሉ ላይ 15 በመቶ ታክስ። የመጀመሪያው 600 ነው፤ ቀጣዩ 2,700፤ ኪራዩ በ24 ወር 480፤ ማስገቢያው 240። ድምሩ 4,020፣ ከነታክሱ 4,623። ለ24 ሲካፈል በወር 193 ገደማ ይመጣል። መቶ ነኝ ብለው የገቡት እርስዎ 193 ሆነው ተገኙ። ዘመድ ቢሆኑ በሌላ ስም ነበር የምንጠራዎት።

አሁን እርስዎ የሌሉበትን አቅራቢ እንይ። በወር 160፣ ታክሱም ራውተሩም በውስጡ፣ ማስገቢያ 300፣ የውል ግዴታ የለም። 24 ጊዜ 160፣ 3,840 ነው፤ ማስገቢያው ሲጨመር 4,140፤ በወር 172 ከ50። በማስታወቂያው «በ60 የሚወደደው» በሂሳቡ በ20 ይረክሳል። በ6ኛው ወር ቤት የሚለቅ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ሌላ ነው። ከእርስዎ ጋር የነበረው እስከዚያ 1,104 ከፍሏል፤ የማቋረጫ ቅጣቱ 600 ከሆነ 1,704፣ በወር 284 ማለት ነው። ያኛው 1,260 ከፍሎ በ210 ይወጣል። ስለዚህ ከወርሃዊው ዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት ስንት ወር እንደምንቆይ ነው፤ የሚያካፍለውም ያ ቁጥር እንጂ ውሉ ላይ የተጻፈው አይደለም። ቅጣቱም በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ አንዱ ቁርጥ ያለ ገንዘብ፣ ሌላው «የቀሪዎቹ ወራት ክፍያ»። ሁለተኛውን ያየ ሰው እርሳሱን አስቀምጦ ይሂድ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። የእርስዎ ሳር 6 ወር ነው፣ ገደሉ 18።

ስለ «ወር» ካነሣን፣ በ28 ቀን የሚያስከፍሉ ወዳጆች አሉዎት። 365ን ለ28 ሲያካፍሉት 13 ይመጣል። 13ኛ ወር ሲሉን ባለ 5 ቀኑ መስሎን ነበር፤ ለካ ሙሉ ክፍያ ያለው ነው። 100 የተባለው በዓመት 1,300 ይሆንና የእውነተኛው ወር ዋጋ 108 ይገባል።

ስለ ራውተር ኪራይም ትንሽ እንበል። በወር 20 የሚከራይ ዕቃ ሱቅ 200 ከሆነ በ10 ወር ተገዝቷል፤ ከዚያ ወዲያ የምንከፍለው ለገዛነው ዕቃ ነው። በፋይበር መስመር ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው መቀበያ በመለያ ቁጥሩ ከአቅራቢው ማዕከል ጋር የተመዘገበ ስለሆነ የእነሱ ሆኖ ቢቀር እንረዳለን። ከኋላው ያለው ዋይፋይ የሚያሰራጨው ግን የራሳችን ቢሆን የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም፤ መቀበያውን ብሪጅ ላይ ማድረግ፣ ማለትም መስመሩን ለራሳችን ዕቃ አሳልፎ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሲመለስም ሣጥኑ፣ ኬብሉ፣ የ12 ቮልቱ አዳፕተር አንድ ላይ ይመለስ፤ አዳፕተሩ የጎደለ እንደሆነ የሙሉ ዕቃውን ዋጋ የሚጠይቁ አሉ። መለያ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶና የተረከበው ሰው ፊርማ ያለበት ደረሰኝ ሳይያዝ ከመስኮቱ መነሣት የለም።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ በነጻ አይደለም፦ 12 ዋት የሚበላ ዕቃ ሌት ተቀን ሲበራ በ30 ቀን 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል።

ወንድምዎን «እስከ»ን ሳናነሣ ብናልፍ ይቀየሙናል። እርስዎ ዋጋውን ከታች ይይዙታል፣ እሱ ፍጥነቱን ከላይ፤ እኛ መሃል ነን። «እስከ 100 ሜጋ»። በመጀመሪያ፣ ይህ ሜጋ ቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም፤ ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። 100 የምትለዋ የኬብል ወደብ ራሷም፣ እያንዳንዱ ፓኬት (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት እሽግ) ከሚሸከመው የአድራሻ ጓዝ የተነሣ፣ ፍጥነት መለኪያ ላይ ከ94 ወይም 95 አታልፍም። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል፦ 300 ተገዝቶ በኬብል ሲለካ ቁጥሩ 94 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ችግሩ መስመሩ ሳይሆን ባለ 100 ወደብ ወይም የተበላሸ ኬብል ነው። ጊጋቢት (1,000 ሜጋ ቢት) በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ግን 4ቱ ይበቁታል፤ ከቀሪዎቹ አንዷ ጫፉ ላይ ከተበጠሰች ዕቃው ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። ደንበኛው ይህን ለጥሪ ማዕከሉ ሲናገር «ወደ 500 ያሳድጉልን» ይባላል። በ500ም 94 ነው የሚያገኘው፤ መድኃኒቱ አንድ ሜትር ኬብል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው የፋይበር አሠራር በአንድ ክር 2.488 ጊጋቢት ወደ ታች ይልካል፤ ክሩም በስፕሊተር (ብርሃኑን በሚያከፋፍል ዕቃ) ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። ለ32 ከተከፈለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጎትት ለአንድ ቤት ወደ 78 ሜጋ ቢት ነው የሚደርሰው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጎትትም፣ እውነት ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም አይጎትትም። ስለዚህ ሠራተኛው ሲያስገባ ረፋድ ላይ ለክቶ የሚያሳየው ቁጥር የሠርግ ፎቶ ነው። የሚለካው ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ነው። የከፈልንበት ፍጥነት ያ ነው። አንድ ኤችዲ ቪዲዮ ከሞላ ጎደል 5 ሜጋ ቢት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ምሽት ላይ ሳይወርድ 50 የሚሰጥ መስመር ወደ 30 ከሚወርድ «እስከ 300» ይሻላል።

«ያልተገደበ» የምትባለው እኅታችሁም አለች። 1,000 ጊጋባይት ሲሞላ ወደ 1 ሜጋ ቢት የምታወርድ ከሆነ፣ በ100 ሜጋ ቢት ሙሉ ፍጥነት ያ መጠን 22 ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። አንድ ቀን አይሞላም። በቀን 4 ሰዓት ኤችዲ የሚያይ ቤት በወር 270 ጊጋባይት ስለሚበላ 1,000 ይተርፈዋል፤ ጣራው 200 ከሆነ ግን በ23ኛው ቀን እየተንገዳገደ ነው።

ቤት ያለውን የደኅንነት ካሜራ ከውጭ በቀጥታ ማየት የፈለገ ሰውም ሌላ ክፍያ ይጠብቀዋል። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻው) ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ ብዙ ቤቶች አንድ አድራሻ ተጋርተዋል ማለት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። የራስን በር ለማግኘት በየወሩ ለስታቲክ አይፒ፣ ማለትም ለማይለወጥ የግል አድራሻ መክፈል ነው። ይህን ከመፈረማችን በፊት የነገረን የለም፤ በቅጹ ላይ የትውልድ ቀን ብቻ ነው ያለው።

በሌላ አገር ዘመዶችዎ ላይ የደረሰውን ሰምተው ይሆናል። ብሪታንያ ውስጥ «እስከ» ደንበኞቹ ከመቶ አሥሩ ብቻ ፍጥነቱን ቢያገኙት ይበቃው ነበር፤ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በማስታወቂያ የሚጠቀሰው ፍጥነት ቢያንስ ግማሾቹ በጫና ሰዓት የሚያገኙት እንዲሆን ተደረገ። እዚያው ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (አይደንግጡ፣ እርስዎን አይደለም) በአዲስ ውል መሃል የሚመጣ ጭማሪ በዋጋ ንረት መቶኛ ሳይሆን በፓውንድና በፔንስ ቀድሞ መነገር አለበት። ጣሊያን በ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የ28 ቀን ወርን በሕግ አስቀረች። አሜሪካም በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ ምግብ ፓኬት ጀርባ ያለ ሠንጠረዥ አስገደደች፤ ዋጋው ማስተዋወቂያ ከሆነ መቼ እንደሚያበቃና ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን እዚያው ይጻፋል። ሲስተማቸው ያሳያል ማለት ነው።

የእኛም ሲስተም አንዳንዴ እንደሚያሳይ ደርሰንበታል። በ5ኛው ወር መጨረሻ ደውሎ «ላቋርጥ ነው» ላለ ደንበኛ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ክፍል ይመጣና «ለእርስዎ ብቻ 110 አድርገናል» ይለዋል። ሙዚቃ የለም፣ ዝምታ የለም። መደበኛው ዋጋም ያኔ ይታወቃል፣ ምን ያህል እንደቀነሱለት ለማሳየት። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያችን ላይ የምናሰምርበት ቀን የ6ኛው ወር ማለቂያ ሳይሆን ከዚያ 30 ቀን በፊት ያለው ሆኗል፤ የማቋረጫ ማስታወቂያ ጊዜውም በብዙ ውል ያንኑ ያህል ነውና።

መልስዎን እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን፤ በእርስዎ ወር ሳይሆን በእኛ። አድራሻችንን አልጻፍንም። ቅጹ ላይ ሞልተነዋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ «እስከ»፣ ባሉበት ከፍታ
ለወይዘሮ «ያልተገደበ»፣ 1,000 ጊጋባይት ሳይሞላ
ለኮከቢቷ፣ ከገጹ ግርጌ