ለክቡር «ሲግናል የለም»፤ ባሉበት ስክሪን ሁሉ

ቀን፦ መስከረም 18

ጉዳዩ፦ የትናንቱን የመስቀል ረፋድ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰዎ። እርስዎማ ደርሰዋል። ያውም ሳይጠሩ፣ ሰማያዊ ካባዎን እንደደረቡ፣ ከእንግዳው ሁሉ ፊት መሀል ላይ ተሰይመው።

ትናንት 5 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ሳሎኑ ጢም ብሏል። ክትፎው በጣባ ቀርቧል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የበዓል ዘፈን ያንቆረቁራል። ድንገት የዘፋኟ ፊት በካሬ በካሬ ተበጣጠሰ፣ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ከዚያ እርስዎ ብቅ አሉ። ሰው ወጥቶ ሰማዩን ቢያይ ለሰበብ የምትሆን አንዲት ጉም የለችም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቀጥሎ የሆነውን ከስክሪኑ ላይ ሆነው በደንብ ተመልክተዋል፤ ከፋይልዎ ጋር እንዲያያዝ ግን ይጻፍ። አዲሱ አማች ከነነጭ ልብሱ ብድግ አለ። አማች ነዋ! በአማቱ ቤት የ13 ቁልፍ ጨብጦ ዲሹን ሊያስተካክል መሰላል ካልወጣ ምን ሊባል ነው? አማቱ ከግቢ ሆነው «ልጄ፣ በሚስማሩ መስመር ርገጥ! ክረምቱን ሙሉ ያፈሰሰው ይበቃናል!» ይላሉ። አንድ ሕፃን መስኮት ላይ ተሰቅሏል። አጎትየው ሪሞቱን ይዘው ከሶፋ ሆነው ይመራሉ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ባዶ ነው!»

ሕፃኑ ከዚህ ሁሉ «ሞልቷል» የምትለዋን ብቻ ወደ ጣሪያው አስተላለፈ። አማች ሆዬ ዳዶውን ጥብቅ አደረገ።

የሞላው በሪሲቨሩ የሲግናል ገጽ ላይ ስትሬንግዝ (ጉልበት) የሚሉት የላይኛው መስመር ነበር። እሱ የሚናገረው ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት የተሰቀለው የሞገድ መቀበያ) ኤሌክትሪክ እንደደረሰውና ኬብሉ እንዳልተበጠሰ ብቻ ነው፤ ዲሹን ወደ ጎረቤት የውኃ ታንከር ቢያዞሩትም 70 እና 80 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ሳተላይት መገኘቱን የሚያውቀው ከሥር ያለው ኳሊቲ (ጥራት) ነው፤ ትናንት የሞተ መስሎ የተጋደመው እሱ ነበር። አጎትየው ደግሞ «ወደ ምዕራብ ነው እንጂ! ድሮም ወደ ምዕራብ ነበር!» ይላሉ። አይፈረድባቸውም፣ የናይልሳት ዘመን ትዝታ ነው። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ፀሐይ መጥለቂያው፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት (የአገር ቤት ቻናሎች ጥቅል) የሰፈረበት ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ሽቅብ። ዲሹ እንግዲህ በአጎት ምክርና በአማች ጉልበት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ዋለ።

ክቡርነትዎ፣ እስቲ እውነቱን እናውጣው። ትናንት ማንም ምንም ባይነካ ኖሮ 5 ሰዓት ሲሆን እርስዎ ራስዎ ይሄዱ ነበር።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትለቀው፤ የሬዲዮ ጫጫታም ትለቃለች። ዲሹ ልክ ሳተላይቱን ሲያይ ፊት ለፊት እሷንም ያያል፤ የሳተላይቱ ደካማ ድምፅ በጫጫታዋ ይዋጣል። ይህ ነገር ለአዲስ አበባና ለኤንኤስኤስ 12 የሚገጥመው አንዱ በመስቀል ሰሞን፣ ሌላው ከመጋቢት 7 ወዲህና ወዲያ ነው፤ ሁለቱም ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል። በትልቁ ክብ ዲሽ ላይ ከሆነ የኤልኤንቢው ጥላ ከመሀሉ ላይ ማረፉን በዓይን ማየት ይቻላል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ጉርሻ ነው። ቁጭ ብሎ መጉረስ!

ዲሹ ከተነካ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የ90 ሳንቲሜትር ዲሽ ጠርዝ 1 ሳንቲሜትር ቢነቃነቅ ዕይታው ከአንድ ዲግሪ በላይ ይስታል፤ ለመጥፋት ይህ በቂ ነው። ዳዶ ከመፍታት በፊት በጥፍር ቀለምም ቢሆን አንድ መስመር በብረቱና በመቆሚያው ላይ ቢሰመርበት ኖሮ ቢያንስ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻል ነበር። የጥፍር ቀለም በቤቱ ሞልቶ፣ ያውም በበዓል ቀን!

ዲሽ ሠሪው 9 ሰዓት ላይ መጣ፤ በበዓል ዋጋ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ አየ፣ ከዚያ በሰፈሩ ሁሉ ፊት «ማን ነካው?» አለ። አማች ጫማውን አየ። ሰውየው ሪሲቨሩን ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል (አግዳሚ ሞገድ)፣ ሲምቦል ሬት 45000 ላይ አስደርጎ፣ ዲሹን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ በእጁ እንደ ሕፃን ቀስ እያለ ገፋ፤ አማች «ጠምሟል» ብሎ ያቃናውን ኤልኤንቢም መልሶ ወደ ጎን አጋደመው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢ እዚህ ጋደም ነው የሚለው፤ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሰው ኳሊቲውን በገዛ እጁ ይገድላል። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አከፋፈሉን ግን አይጠይቁ።

አንተ! እርስዎ ማለት ይብቃ። ለፀሐይም፣ ለዝናብም፣ ለተበላ ኬብልም፣ ለሞተ ኤልኤንቢም፣ ለተቀየረ ፍሪኩዌንሲም አንድ መልስ ብቻ ነው ያለህ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፈን፣ ፎርሙን ሞልተን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ አያይዘን ለምሳ መውጫ ሲቃረብ መስኮቱ ላይ የሚጠብቀን ታላቅ ወንድምህ ነው፤ ሲስተም የለም። ስልኩ ውስጥ የተቀመጠው ታናሽህ ነው፤ ኔትወርክ የለም። አባታችሁ አቶ የለም ሦስት ወልደው ሦስቱንም እኛ ላይ አሰማሩ! የሚያናድደው ደግሞ ያ ሪሲቨር ነገሩን ማወቁ ነው። ኬብሉ ሾርት ቢያደርግ ይሰማዋል፣ የስሕተቱን ብዛት በየቅጽበቱ ይቆጥራል፤ አንተ ግን በሁለት ቃል ትሸፍነዋለህ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፤ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን አያደርሳቸውም፣ ቅዳሴው ያቺው ስክሪን ላይ ናት። መሰላል የሚወጣላቸው ልጅ የላቸውም። አንተ በመጣህ ቁጥር የማያውቁት ሰው ጣሪያቸው ላይ ይወጣል፣ ያልተበላሸ ዕቃ ይቀይርላቸዋል፣ ከጡረታቸው ይከፍላሉ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ ጨዋነቱ እንደ ኳሊቲው ወርዶ ነው።

የድሮውን ቂም ባጭሩ እንዝጋው። ቻናሉ ፍሪኩዌንሲ መቀየሩን የሚያስታውቀው እዚያው በጠፋው ቻናል ግርጌ በሚሮጥ ጽሑፍ ነው፤ ለዚህ ጥበብ ምስጋናችን ይድረስዎ። ኤችዲ በማይከፍት አሮጌ ሪሲቨር ላይ ድምፁን ሰጥተው ሥዕሉን የነሱን ዕለትም ሬዲዮ ነው ብለን ተቀብለናል። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ቢጠፉ እንኳ አናማዎትም፤ ውኃው ሞገዱን ይውጠዋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ቁልፍ ያለበት የኮሚቴ አባል ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ የሚሆነው ግን በእርስዎ ትእዛዝ ነው ወይ?

የሐምሌው ግን በአጭሩ አይታለፍም። ግማሹ ቻናል አለ፣ ግማሹ የለም። ሪሲቨሩ በዚያችው በአንዷ ኬብል ሽቅብ ቮልት ይልካል፦ ለቨርቲካል (ለቋሚው ሞገድ) 13፣ ለሆሪዞንታል (ለአግዳሚው) 18። ጣሪያው ላይ ያለው ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መግጠሚያ) ውኃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሲያወጣ 18ቱ መንገድ ላይ ይመነምናል፤ 15 ገደማ ሲደርስ ኤልኤንቢው ቨርቲካል የተጠየቀ መስሎት ሆሪዞንታሉን ይዘጋል። 11105 ደግሞ ሆሪዞንታል ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ቤት ኤልኤንቢ ተቀየረ፣ አልመጣም ሲባል ሪሲቨር ተገዛ፣ የዚያ ሁሉ ጥፋት አንዲት ኮኔክተር ሆና ሳለ!

ሥራው ይኸው ነበር። ሪሲቨሩ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል፤ በርቶ ሳለ ኮኔክተር የሚፈታ ሰው 18 ቮልቱን ሾርት አድርጎ ሪሲቨሩን ሊሸኝ ይችላል። የተበላው ኬብል ንጹሕ መዳብ እስኪታይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይቆረጣል፣ የመሀሉ ሽቦ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይላጣል፣ ከዙሪያው መረብ አንዲት ፀጉር እንኳ መሀሉን እንዳትነካ ይታያል። ፕላስተሩ ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ውኃ እንዲንጠባጠብ ኬብሉ ከኮኔክተሩ በታች ትንሽ ቀለበት ይተውለታል። ፌስታል አልብሶ ጥርቅም አድርጎ ማሰርስ? እንፋሎቱ ውስጥ ታፍኖ ከዝናቡ የባሰ ያበሰብሰዋል፤ ሥሩ ክፍት ይሁን። ስዊች (የብዙ ኤልኤንቢ ኬብሎችን ወደ አንድ የሚያገናኘው) ካለ ደግሞ ኬብሉን ከስዊቹ ነቅሎ ኤልኤንቢው ላይ በቀጥታ ገጥሞ፣ ሪሲቨሩ ላይም የስዊቹን ቁጥር አጥፍቶ ማየት ነው። ከመጣ የሞተው ስዊቹ ነው፤ ዝናብ ላይ የሚያድር ስዊች ዕድሜ የለውም። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ፋንታ በአምስት ቃል ቢነግሩን ምን ነበረበት?

ከሰላምታ ጋር፣

የቆርቆሮ ጣሪያ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦

ለአቶ ሲስተም የለም፣ ባሉበት መስኮት

ለአቶ ኔትወርክ የለም፣ ሲገኙ

ለአዲሱ አማች፦ የ13 ቁልፍ በእጁ ካለው ሁሉ ተሰብስቦ እስከ መጋቢት 15 ድረስ በአማቱ ሣጥን እንዲቆለፍ